ከመሰላል የወደቀውና ዕጢ የያዘው፦ የኒውዚላንድ የጤናና የአካል ጉዳት ሥርዓት የት ላይ እንደተሰነጠቀ

ክራይስትቸርች ውስጥ በርውድ የሚባል ሆስፒታል አለ። በኒውዚላንድ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሕሙማን ተኝተው የሚያገግሙባቸው ልዩ ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ኦክላንድ። እስቲ እዚህ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት አልጋዎች እናስብ። በአንዱ የተኛው ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ ከመሰላል የወደቀ ሰው ነው። የሌላውን ሕብለ ሰረሰር የተጫነው ዕጢ ነው። ሁለቱም ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም። ነርሷም ፊዚዮቴራፒስቱም አንድ ናቸው፤ የአልጋ ሂሳብ የሚጠይቃቸውም የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ ነው።

የወደቀው ሰው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከደመወዙ 80 በመቶው በየሳምንቱ ይገባለታል። ሚስቱ ትሥራ አትሥራ የሚጠይቀው የለም። የቤቱ በር ይሰፋለታል፣ መታጠቢያ ቤቱ ይስተካከልለታል፣ ሀብትህን አሳይ አይባልም። ዕጢ የያዘው ግን ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ሄዶ የድጎማ ማመልከቻ ይሞላል። የትዳር ጓደኛው ገቢ ስለሚቆጠር ድጎማው ሊቀነስ፣ ጭራሽ ሊቀርም ይችላል። ቤቱ ውስጥ ትልቅ ማስተካከያ ካስፈለገ ወጪው ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ገቢውም ንብረቱም ይመረመራል። ጉዳታቸው አንድ፣ ዊልቸራቸው አንድ፣ ኑሯቸው ግን ለየቅል።

ስለ ኒውዚላንድ የጤና አመራር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቦርዱ፣ ኮሚሽነሩ፣ የመዋቅር ለውጡ ነው። እኔ ግን ከዚህ ስንጥቅ ብጀምር እመርጣለሁ፤ መዋቅሩ ስንት ጊዜ ቢፈርስና ቢሠራ ስንጥቁ አልተነካምና። (ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም የኒውዚላንድ ዶላር ነው።)

የወደቀውን ሰው የሚይዘው የአደጋ ካሳ ኮርፖሬሽን፣ በአጭር ስሙ ኤሲሲ ነው። መሠረቱ በዳኛ ኦወን ዉድሃውስ የሚመራ የንጉሣዊ ኮሚሽን በ1967 ያቀረበው ሪፖርት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አደጋ የደረሰበት ሰው ጥፋተኛውን ፈልጎ፣ ጠበቃ አቁሞ፣ ዓመታት ከሚከራከር ኅብረተሰቡ በጋራ ይካሰው፤ በምላሹም የመክሰስ መብቱን ይተው። ሕጉ በ1972 ወጣ፣ ሥራው ሚያዝያ 1 ቀን 1974 ተጀመረ። ዛሬም አገሪቱ ውስጥ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ ቱሪስት ቢሆን እንኳ፣ ሕክምናውን ኤሲሲ ይሸፍንለታል። ለደረሰበት ጉዳት ካሳ ጠይቆ ፍርድ ቤት መሄድ ግን አይችልም።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው በአምስት ቋቶች ነው። የሥራ ላይ አደጋውን አሠሪውና ለራሱ የሚሠራው ሰው ይከፍላሉ። ከሥራ ውጭ ለሚደርሰው ደግሞ ከእያንዳንዱ ደመወዝተኛ ይቆረጣል። የመኪና አደጋው ከቤንዚንና ከተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድ ይሰበሰባል፤ ሕፃናትን፣ ተማሪዎችንና ጡረተኞችን መንግሥት ይሸፍናል። አምስተኛው በሕክምና ሳቢያ ለሚደርስ ጉዳት የተለየ ነው። ከ2005 አጋማሽ ጀምሮ ታካሚው በዚህ ቋት ለመካስ ሐኪሙ ማጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ ከሕክምናው የመጣና በተለመደው ሁኔታ የማይጠበቅ መሆኑ ይበቃል።

ኤሲሲን ከሌሎቹ የሚለየው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ይመስላል። እንደኔ ግን ትልቁ ነገር ሕጉ ነው። ጥያቄ ሲቀርብለት በ21 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ውስብስብ ከሆነ እስከ ሁለት ወር፣ ከዚያም ሊራዘም የሚችልባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። ቀኑን ካሳለፈ ሕጉ ራሱ ጥያቄው ተቀባይነት እንዳገኘ ይቆጥረዋል። ውሳኔው ያልተስማማው ሰው በሦስት ወር ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ከዚያም አልፎ ፍርድ ቤት መድረስ ይችላል። ባጭሩ ይኸ ዕዳ ነው፤ ባለዕዳውም ኤሲሲ ነው።

ይህም ቢሆን ጠርዙ ላይ ብዙ ሰው ይንሸራተታል። በጣም የተለመደው የትከሻ ጉዳይ ነው። የ55 ዓመት ሰው ተንሸራትቶ ይወድቅና ትከሻው ይጎዳል። ሐኪሙ ቅጹን ይሞላል፣ ኤሲሲም ተቀብሎ ፊዚዮቴራፒውን ይከፍላል። ከወራት በኋላ አልተሻለውም፣ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ጅማቱ ተበጥሶ ይገኛል። ምስሉ ላይ ግን በዚያ ዕድሜ ከብዙ ሰው የማይጠፋው አሮጌ መበላትም ይታያል። የቀዶ ሕክምና ወጪ ሲጠየቅ «ይኸ የዕድሜ እንጂ የአደጋው ውጤት አይደለም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ሰውየው ከኤሲሲ ወጥቶ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ውስጥ ይገባል። ክርክሩን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ከመውደቁ በፊት ትከሻው ደህና እንደነበር በካርዱ ላይ የተጻፈለት፣ ከወደቀም በኋላ በቀናት ውስጥ ታይቶ የእጁ ጉልበት መድከሙ የተመዘገበለት ሰው ነው። ስድስት ሳምንት «ይለቀኛል» ብሎ የቆየ ሰው ማስረጃውን አብሮ ያጣል።

የመስማት ችግርም እንዲሁ ነው። በሥራ ቦታ ጩኸት የመጣ መደንቆር ይካሳል፤ ግን ከጩኸቱ የመጣው ድርሻ ቢያንስ 6 በመቶ መሆን አለበት። የጆሮ ባለሙያው ከጠቅላላው ጉድለት የዕድሜውን ድርሻ ቀንሶ የጩኸቱን ለይቶ ያወጣል። አንድ ጆሮ በመቶኛ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ግማሹ የሌላ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው የሕፃናቱ ነው። አንጎሉ በወሊድ ጊዜ በሕክምና ጉድለት የተጎዳ ልጅ ዕድሜ ልኩን የኤሲሲ ተካፋይ ነው። ያለጊዜው በመወለዱ ተመሳሳይ ጉዳት ያገኘው ልጅ ግን አይደለም።

እንግዲህ ዕጢ ወደያዘው ሰው እንመለስ። እሱን የሚመለከተው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ አገልግሎት ነው። መግቢያው ናስክ የሚባለው ፍላጎት መዛኝና አገልግሎት አስተባባሪ ድርጅት ሲሆን በየአካባቢው አንድ አንድ አለ። ሐኪም ሊልከው ይችላል፣ ሆስፒታሉ ሊልከው ይችላል፣ ራሱም ስልክ ደውሎ ሊመዘገብ ይችላል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ጉዳቱ አካላዊ፣ የአእምሮ ዕድገት ወይም የስሜት ሕዋሳት ነው ወይ የሚል ነው፤ ኦቲዝምም ይገባል። ሁለተኛው ቢያንስ ስድስት ወር ይቆያል ወይ ነው። ሦስተኛው ያለማቋረጥ የሰው ድጋፍ ያስፈልገዋል ወይ ነው። ዕድሜውም በመጀመሪያ ሲያመለክት ከ65 በታች መሆን አለበት። የአእምሮ ሕመም እዚህ አይገባም፤ እሱ በጤናው በኩል ነው። አልዛይመርም ቢሆን ከእርጅና ጋር የመጣ ከሆነ እንደዚያው።

ካለፈ መዛኙ ቤቱ ይመጣል። ጠዋት ከአልጋ ማን እንደሚያወርደው፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚሄድ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ፣ ቤት ውስጥ የሚረዳው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ጀግና በመሆን ነው። «እችላለሁ» ይላል፤ የሚችልበትን ደህና ቀን ይናገራል። ሚስቱም «እኔ አለሁ» ትላለች። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይቆረጣል። ከምዘናው በፊት ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዱን ዕርዳታ ሰዓትና የፈጀውን ደቂቃ መጻፍ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ከማንኛውም ልመና ይበልጣል።

ከዚያ አስተባባሪው ጥቅሉን ያዘጋጃል፤ ለሰውነት እንክብካቤ በሳምንት ይኸን ያህል ሰዓት፣ አስታማሚው እንዲያርፍ በዓመት ይኸን ያህል ቀን፣ ወይም ሁሉም ወደ ገንዘብ ተለውጦ ራሱ ረዳት የሚቀጥርበት ሂሳብ። የቤት ጽዳት ዕርዳታ ለማግኘት ግን ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚይዘው የማኅበረሰብ አገልግሎት ካርድ ይጠየቃል። ዊልቸሩ በሌላ መስመር ይሄዳል። እሱን ማዘዝ የሚችለው ለዚሁ የተፈቀደለት ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ሕክምና ባለሙያ ነው። ማመልከቻው ለቤት ውስጥ፣ ለውጭ፣ ለመኪና እያለ ይለካል፤ መጀመሪያ የሚታየው ርካሹ ነገር ለምን እንደማይበቃ ነው። «ይመቸኛል» የሚል ምክንያት አያልፍም። «በዚህኛው ስቀመጥ ቁስል ይወጣብኛል፣ ይኸው ፎቶው» የሚለው ያልፋል።

አሁን ልዩነቱ ይታያል። ይህ አገልግሎት እንደ ኤሲሲ «ይገባሃል» የሚል የራሱ ሕግ የለውም። 21 ቀን የሚባል ቀነ ገደብ የለም። በዓመቱ በጀት ውስጥ የተቀመጠ አንድ መስመር ነው፤ ገንዘቡ ሲያጥር ሕግ ሳይለወጥ መመሪያው ብቻ ይለወጣል። ይህም በመጋቢት 18 ቀን 2024 በግልጽ ታየ። ፋይካሃ የተባለው የአካል ጉዳተኞች ሚኒስቴር ሰው ራሱ የሚያዝበት ተለዋዋጭ ሂሳብ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ የሚወስነውን ደንብ ያለ ምክክር በአንድ ቀን አጠበበው፤ ቤተሰቦች ለውጡን የሰሙት ከኢንተርኔት ነው። ጩኸቱ በረታ። በሚቀጥለው ወር ሚኒስትሯ ፔኒ ሲመንድስ ኃላፊነቱን ተነጥቀው ለሉዊዝ አፕስተን ተሰጠ። ገለልተኛ ግምገማ ተደረገ፣ በነሐሴ ካቢኔው ወሰነ፣ በመስከረም አገልግሎቱ ከፋይካሃ ተነሥቶ ወደ ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ሄደ። ፋይካሃ ፖሊሲ የሚያወጣና የሚከታተል ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሌላውን የጉዞ መንገድ ካየነው የበለጠ ይገርማል። የአካል ጉዳት አገልግሎት እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በማኅበራዊ ደኅንነት በኩል ነበር። ከዚያ ወደ ጤና ተዛወረ። በሐምሌ 1 ቀን 2022 ከጤና ወጥቶ ፋይካሃ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ማኅበራዊ ልማት ገባ። ሠላሳ ዓመት ዞሮ ዞሮ እዚያው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው።

ጤናው ራሱም ከዚህ የተሻለ አላረፈም። የ1938 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሆስፒታሉን ነፃ አደረገ፤ ጠቅላላ ሐኪሞቹ ግን የመንግሥት ደመወዝተኛ አንሆንም ብለው ከታካሚው የማስከፈል መብታቸውን አስጠበቁ። ዛሬም ሆስፒታል ነፃ ሆኖ ሳለ የሰፈሩ ክሊኒክ የሚያስከፍለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ በአብዛኛው ቦታ በነፃ ይታያሉ። በ1993 ሥርዓቱ ገዢና ሻጭ ተብሎ ተከፈለ፤ አገልግሎት የሚገዙ አራት የክልል መሥሪያ ቤቶችና ትርፍ እንዲያመጡ የሚጠበቁ 23 የሆስፒታል ድርጅቶች ተቋቋሙ። አልሆነም። በ1998 አራቱ ገዢዎች ወደ አንድ ተጠቀለሉ። በ2001 ደግሞ ያም ፈርሶ 21 የወረዳ ጤና ቦርዶች መጡ፤ በ2010 ሁለቱ ተዋሕደው 20 ቀሩ። እያንዳንዱ ቦርድ እስከ 11 አባላት ነበሩት፤ ሰባቱን ሕዝቡ ይመርጣል፣ ቢበዛ አራቱን ሚኒስትሩ ይሾማል።

የቦርዶቹ ድክመት የሚታወቅ ነበር። 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ 20 የደመወዝ ሥርዓት፣ 20 የኮምፒውተር ሥርዓት፣ 20 የግዢ ክፍል። አንድ ታካሚ የቦርድ ድንበር ሲሻገር የወረፋ መስፈርቱ ይለወጥበታል። በ2018 በሄዘር ሲምፕሰን የሚመራ ገምጋሚ ቡድን ተቋቋመ፤ በ2020 በወጣው ሪፖርቱ ቦርዶቹ ከ8 እስከ 12 ይሁኑ አለ። መንግሥት ግን ከዚያም አልፎ ሁሉንም ለማፍረስ በሚያዝያ 2021 ወሰነ። ፓኤ ኦራ የተባለው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሁሉንም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጠቀለላቸው፤ ስሙ ሄልዝ ኒውዚላንድ፣ በማኦሪኛ ቴ ፋቱ ኦራ። ከጎኑ የማኦሪ ጤና ባለሥልጣን ቆመ። ይኸኛው ሁለት ዓመት ብቻ ኖረ፤ የተለወጠው መንግሥት በአስቸኳይ ሥነ ሥርዓት ባወጣው ሕግ ሰኔ 30 ቀን 2024 ዘጋው። በየአካባቢው የማኦሪን ድምፅ የሚያሰሙት የጎሳ አጋርነት ቦርዶች ግን አሉ።

አሁን ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። የጤና ሚኒስትሩ ለሦስት ዓመት የሚሆን የመንግሥት የፖሊሲ መግለጫ ያወጣል። ሄልዝ ኒውዚላንድ ያንን ወደ አገር አቀፍ ዕቅድ ይተረጉማል። ሥራው በአራት ክልሎች ይከፈላል፤ ሆስፒታሎቹም ለሰፈር ሐኪሞች የሚሄደው ገንዘብም በእጁ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከእንግዲህ አልጋ አይገዛም፤ ሕግና ፖሊሲ ያዘጋጃል፣ ይቆጣጠራል፣ ለሚኒስትሩ ይመክራል። መድኃኒት የሚገዛው በ1993 የተቋቋመው ፋርማክ ራሱን የቻለ ነው፤ የተቆረጠ በጀት ይዞ ከአምራቾች ጋር ይደራደራል። ዋጋ በማውረድ የተዋጣለት ሲሆን አዲስ መድኃኒት በማዘግየት ይወቀሳል፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው።

ሃያውን አንድ ማድረግ በወረቀት ላይ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በሂሳብ ክፍል ግን እንዲህ ሆነ። በሐምሌ 2024 መሥሪያ ቤቱ ከበጀቱ በወር 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እያለፈ ነው ተባለና መንግሥት ቦርዱን አንስቶ ሌስተር ሌቪን ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። ደሎይት የተባለው የሂሳብ ድርጅት ሲመረምር ያገኘው የ28 ቢሊዮን ዶላር ተቋም ገንዘቡን በዋናነት የሚከታተለው በአንድ የኤክሴል ፋይል መሆኑን ነው። ከድሮዎቹ ቦርዶች የሚመጡት ቁጥሮች በእጅ ስለሚገቡ ከየት እንደመጡ ተመልሶ ማየት አይቻልም ነበር። አንድ ዜሮ ቢጎድል የሚይዘው አልነበረም። ያለፈው ወር ሲታረም እርማቱ ወደ ሌላው ገጽ አይፈስም ነበር። የወሩን ሂሳብ ማጠቃለል ብቻ ከ12 እስከ 15 ቀን ይፈጅ ነበር፣ ከዚያ ለመተንተን አምስት ቀን። መሪው ገንዘቡ ማለቁን የሚያውቀው ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚከራከረው ኮሚሽነር ይሻላል ወይስ ቦርድ በሚለው ላይ ነበር። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የወሩ ሂሳብ ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ነው።

መንግሥት ለጤናው ስላወጣቸው የጥበቃ ጊዜ ዒላማዎች አንድ ቃል። ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሰዎች 95 በመቶው በስድስት ሰዓት ውስጥ ይተኙ፣ ይሸኙ ወይም ወደ ሌላ ይዛወሩ ይላል፤ ስፔሻሊስት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ደግሞ 95 በመቶው ሰው ከአራት ወር በላይ አይጠብቅ ይላል። የመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ታካሚው አልጋ ወዳለበት «የአጭር ቆይታ ክፍል» ተዛውሮ ሰዓቱ እንዲቆም እስካልተደረገ ድረስ። ሁለተኛው አንድ ቀዳዳ አለው። አራት ወሩ የሚቆጠረው ሪፈሩ ተቀባይነት ካገኘ ነው። «መስፈርቱን አያሟላም» ተብሎ ለሐኪሙ የተመለሰ ሪፈር ወረፋ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሪፈር ያጻፈ ሰው መጠየቅ ያለበት «ተላከ ወይ» ብሎ ሳይሆን «ተቀበሉት ወይ» ብሎ ነው።

ሁለቱን አልጋዎች እኩል የሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ የጤናና የአካል ጉዳት ኮሚሽነር። የመጣው በኦክላንድ የሴቶች ሆስፒታል ታካሚዎች ሳያውቁና ሳይፈቅዱ የተካሄደ ጥናት ሲጋለጥ ነው። ዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት መርምረው በ1988 ሪፖርታቸውን አቀረቡ፤ ሕጉ በ1994፣ አሥር መብቶች ያሉት ደንብ በ1996 ወጣ። ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለራሱ ለአገልግሎት ሰጪው ማቅረብ ይችላል። እነሱ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መቀበላቸውን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ከዚያ ባሉት አሥር የሥራ ቀናት ደግሞ ቅሬታው ልክ ነው ወይስ አይደለም ወይስ ጊዜ ያስፈልገናል ማለት አለባቸው። ነፃ ጠበቃ መሰል አጋዥ አለ፤ ከታካሚው ጎን ይቀመጣል፣ ደብዳቤም ያጽፋል። ካልተፈታ ኮሚሽነሩ ጋ ይደርሳል፤ ከባድ ጥፋት ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ መድረክ ሊሄድ ይችላል።

ኮሚሽነሩ ግን የገንዘብ ካሳ አይፈርድም። ከዚህም በላይ ደንቡ የሚጠብቀው የተሰጠውን አገልግሎት ጥራት ነው። «በክብር አላስተናገዱኝም»፣ «ሳይነግሩኝ አደረጉት» ካሉ በር አለ። «በሳምንት 14 ሰዓት ብቻ ፈቀዱልኝ፣ አይበቃኝም» ካሉ ያ የበጀት ጥያቄ ነው፣ ደንቡ አይደርስበትም። ዕጢ የያዘው ሰው ዋና ቅሬታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ሁለተኛው ነው። ናስክ ዳግም እንዲመዝነው መጠየቅ ይችላል፤ የመድልዎ ጉዳይ ከሆነም የሰብዓዊ መብት መንገድ አለ። አካል ጉዳተኛ ልጆቻቸውን የሚያስታምሙ ወላጆች ክፍያ ይገባናል ብለው በዚያ መንገድ ሄደው በ2012 በይግባኝ ፍርድ ቤት አሸንፈዋል። ፓርላማው በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ቀን ባጸደቀው ሕግ በሩን መልሶ ዘጋው፣ ያ ሕግ እስኪሻር 2020 ደረሰ።

ስለዚህ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ጉዳዩ በጤና፣ በኤሲሲ፣ በማኅበራዊ ልማትና በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል። 65 ካለፈው በኋላ ዕጢ ቢያገኘው ደግሞ የአካል ጉዳት አገልግሎቱ አይቀበለውም፤ ሄልዝ ኒውዚላንድ የአረጋውያን መመዘኛውን ይዞ ይመጣል። ከመሰላል የወደቀው ግን በ40ም ይውደቅ በ70 መግቢያው አንድ ነው።

ያ መግቢያ ኤሲሲ 45 የሚባል ቅጽ ነው። የሚሞላው ታካሚው ከሐኪሙ ወይም ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ሆኖ ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ምን ሲያደርጉ እንደደረሰ ይጠይቃል። «ቀስ በቀስ ነው የጀመረኝ» የሚል መልስ ከሥራ ጋር ካልተያያዘ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። «ማክሰኞ ጠዋት ሳጥን ሳነሳ ወገቤን ቀጨም አደረገኝ» የሚለው ያልፋል፤ እውነት ከሆነ እንዲሁ በትክክል መናገር ነው። ከዚያ የአደጋው ቀን የሚጻፍበት ሣጥን ይመጣል። በርውድ የተኛው የመጀመሪያው ሰው ቀኑን ያስታውሰዋል። ጎኑ ያለው ግን እዚያ የሚጽፈው ቀን የለውም።